ስለ ባህር ዛፉ አንድ ገጽ ብቻ

ያን ቅዳሜ ጠዋት የጎታዬን አፍ ስመርግ ነበር። ጤፉ ከአውድማ ገብቶ፣ ጎታው እስከ አንገቱ ሞልቶልኛል፤ የቀረኝ ክዳኑን ገጥሞ ዙሪያውን በእበትና በአመድ መለሰን ነው። ይሄ ሥራ ከተጀመረ አይተውም። ከተውሽው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ነቀዝ ይገባል። እኔም እጄ እስከ ክንዴ እበት ሆኖ፣ ማንም ቢመጣ ቀና አልልም ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

በሩ ሲንቋቋ ጎረቤቴ መሰለችኝ። ከአጥር ወዲያ ያለችው፣ ሳትጠራ የምትገባው። "ግቢ፣ እጄ ሥራ ላይ ነው" አልኩ። የገባችው ግን የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሥራ ፍለጋ ከቢቸና ከወጣች ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኋት፤ አሁን ሞጣ ኮሌጅ ነው የምትማር። ይሄን እኔ ስናገር የምትጽፍልኝም እሷው ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ስለ ራሷ ስናገር ልትዘል ትፈልጋለች፤ አትዝለይ ብያታለሁ።

ቅዳሜ መምጣቷ ብርቅ አይደለም። ስንቅ ሲያልቅባት ትመጣለች፣ እሁድ ትመለሳለች። ያን ቀን ግን ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ይዛ ነው የመጣች። ብርድ ልብስ ይዞ የመጣ ተማሪ ስንቅ ሊወስድ አልመጣም።

"ብርድ ልብሱ ምንድነው?" አልኳት።

"ሊታጠብ ነው እምዬ።"

"ሞጣ ውኃ የለም?"

አጠገቤ ቁጢጥ ብላ ክዳኑን ያዘችልኝ። እኔም ዝም ብዬ መረግኩ። ይቺ ልጅ ስትጠየቅ አትናገርም፤ ዝም ስትባል ነው የምትናገር። ክዳኑን ግማሽ እንዳደረስኩ ጀመረችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ውስጥ ንባብና ጽሑፍ የምታስተምር አንዲት መምህርት አለች። አንድ የተጻፈ ነገር ትሰጣቸዋለች፤ ቤታቸው ወስደው ያነቡታል። በማግስቱ ወረቀቱን ትሰበስብና "ስላነበባችሁት አጭር ምላሽ ጻፉ፣ ከአንድ ገጽ አትለፉ" ትላቸዋለች። አሳይመንት ይሉታል። የእኔዋ ልጅ ቁጭ ብላ ያነበበችውን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ቃል ሳታስቀር ጽፋ ሰጠች። መምህርቷ በቀይ "ይሄ የጸሐፊው ነው፤ ያንቺ የታለ?" ብላ መለሰችላት። ልጄ ዛዲያ ምን መሰላት? አንድ ቦታ ቃል ያዛነፈች መሰላት። ሁለተኛው ጽሑፍ ሲሰጣቸው ሌሊት ተነስታ አጠናች፤ ነጥብ እንኳ ሳትጥል እንዳለ መልሳ ጻፈችው።

ይሄኔ ነው ቢሮ የተጠራችው። "ከየት ነው የገለበጥሽው? ስልክሽን የት አስቀምጠሽ ነው?" አለቻት መምህርቷ። እሷ አንገቷን ደፋች።

"ለምን በልቤ ይዤው ነው አላልሻትም?" አልኳት።

"መምህር ናት እኮ እምዬ። ስትቆጣኝ እንዴት አፌን እከፍታለሁ?"

ይሄን ስትለኝ ነገሩ ከየት እንደመጣ ገባኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መሪጌታ ነበር። ከቤታችን ጓሮ ከዋርካው ሥር ልጆች እያስቀመጠ ንባብ ያስተምር ነበር። ይቺም ገና በእንብርክኳ ስትሄድ ጀምሮ ከመሃላቸው ናት። እሱ ዘንድ የተማረ ሰው ማለት የተሰጠውን ሳያጎድል የሚመልስ ነው። አንዲት ቃል የዘለለ ልጅ "ከላይ ጀምር" ይባላል። ሲቆጣ ደግሞ መልስ የሚባል ነገር የለም፤ መሬት መሬት ማየት ነው። ልጄ ሁለቱንም አሳምራ ይዛ ኮሌጅ ገባች። እሷ መምህሯን አከበርኩ ብላለች፤ መምህሯ ደግሞ ሌባ ብላታለች።

"አሁንስ ምን አለችሽ?"

"ሦስተኛውን ቤትሽ ሆነሽ፣ ጊዜ ወስደሽ ጻፊና ሰኞ አምጪ አለችኝ። እሱም እንደነዚህ ከሆነ ለኮሌጁ አቀርባለሁ አለች። ኮርጃለች ብለው ያባርሩኛል እምዬ። ሌባ ተብዬ ከምባረር ራሴ ብቀር ይሻላል።"

ብርድ ልብሱ ለዚህ ነው። እጄ እበት ስለሆነ እንኳ አቅፌ ላባብላት አልቻልኩም። "ውኃ አፍስሽልኝ" አልኳት። ታጠብኩና "በይ ያን የሰጠችሽን ወረቀት አንብቢልኝ፤ ምን ቢሆን ነው ይሄን ያህል የሚያስለቅስ" አልኳት። ጎታው ግማሽ አፉ ተመርጎ፣ ግማሹ ተከፍቶ ቀረ።

ወረቀቱ ስለ ባህር ዛፍ ነው። እኔ እኮ ኮሌጅ የሚነበበው ስለ ሰማይና ምድር ይመስለኝ ነበር።

"ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል" ይላል።

"እውነት ነው" አልኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ምንጭ ዛሬ በበጋ ጭቃ እንኳ የለውም።

"ባህር ዛፍ አጠገብ የተዘራ ጤፍ አይረባም" ይላል።

"እሱም እውነት ነው።"

ቀጠለችና "ገበሬው ይህን ዛፍ የሚወደው ከስንፍና ነው። ዛፉ ማንንም አያበላምና ነቅሎ ይጣለው" ብላ አነበበች።

"ቆይ፣ ቆይ። ማንን ነው ሰነፍ ያልሽ?"

"እኔ አይደለሁም እምዬ፤ ወረቀቱ ነው።"

"ለወረቀቱ ንገሪልኝ ዛዲያ።"

"ወረቀት አይሰማም።"

"የጻፈው ሰውዬስ? ጆሮ የለውም? አያትሽ ሲሞት በዚህ ግቢ በሬ የሚጠምድ ወንድ ነበረ? ያን ጊዜ የቆመልኝ እሱ ዛፍ ነው። እረሰኝ አይል፣ አርመኝ አይል፣ ጠብቀኝ አይል። አንቺስ በምን ኮሌጅ ገባሽ? የጓሮውን ባህር ዛፍ አስቆርጬ ሸጬ አይደለም? ይንቀለው ይላል። መጥቶ ይንቀለው እስኪ፣ ሰነፍ ማን እንደሆነ እናያለን።"

ሳቋ መጣ። "እምዬ፣ የተማረ ሰው ነው እኮ የጻፈው።"

"ቢማርስ? ቤቴን ሳያይ ነው የተማረ።"

"ውኃው መድረቁን ግን እርስዎም አምነዋል።"

"ውኃውን አመንኩ። ስንፍናውን አላመንኩም።"

ይሄን ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። "እርስዎ ውኃውን ቢያምኑ ምን ያደርጋል? ጀሪካን ተሸክሜ እታች ወንዝ ድረስ ስወርድ የነበርኩት እኔ ነኝ። ምንጩ ቅርባችን ነበር። እርስዎ ዛፍዎን ሲወዱ ጀርባዬ የተላጠ እኔ ነኝ" አለችኝ።

ይቺ ልጅ እንዲህ ተናግራኝ አታውቅም። ለማንም ተናግራ አታውቅም። እኔም ደነገጥኩ፣ እሷም ደነገጠች። ወዲያው "ይቅርታ እምዬ" ልትል ስትል አፏ እንደተከፈተ ቀረ። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች።

"እምዬ፣ መምህሯ የምትፈልገው ይሄን ነው መሰለኝ።"

"ምኑን?"

"አሁን እኔና እርስዎ ከወረቀቱ ጋር የተጣላነውን።"

"ጠብ ነው እንዴ ኮሌጅ የሚያስተምሩት?" አልኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም፤ እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳዋን ትገለብጣለች።

ከምሳ በኋላ ጽፋ መጣችና ታነብልኝ ጀመር። ሰውዬው ያለውን አንድ በአንድ፣ ከምንጩ እስከ ጤፉ፣ እንዳለ። ከዚያ "ይህ ጽሑፍ እጅግ ጠቃሚና አስተማሪ ነው" ትላለች። ከዚያ ደግሞ ስለ ጸሐፊው ብልህነት። ድምጿ ደግሞ ያምራል፣ ልክ አያቷን ነው የምትመስል።

"እምዬ፣ ተኝተዋል።"

"አልተኛሁም። የት ደረሽ?"

"ጨርሻለሁ።"

"ጠባችንስ የቱ ጋ ነው ያለ?"

"መጨረሻው ላይ አለ፣ ሁለት መስመር።"

"እዚያ ድረስ ማን ነቅቶ ይጠብቅሻል?"

ተቀየመችኝ። ወረቀቱን ይዛ ወጥታ ዋርካው ሥር፣ አያቷ ይቀመጥበት ከነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብላ "ልጅቷ ምን ሆናለች? ጎታሽስ አፉን ከፍቶ ሊያድር ነው?" አለችኝ። ነገሩን ልነግራት ስጀምር "ኋላ፣ ኋላ፣ ምድጃ ላይ ትቼ ነው የመጣሁ" ብላ ገባች።

ፀሐይዋ ልትገባ ስትል ልጄ ተመለሰች። አሁን ስታነብ አልተኛሁም። እንዲህ ነው የሚጀምር፤ ራሷ ስለሆነች የምትጽፈው ቃሉን እንዳለ ታስገባው፦ "ጸሐፊው ስለ ውኃው የተናገረው እውነት ነው፤ በልጅነቴ የቀዳሁበት ምንጭ ዛሬ ደርቋል። ዛፉ ማንንም አያበላም ያለው ግን ልክ አይደለም፤ እኔን እዚህ ክፍል ያስቀመጠኝ ያ ዛፍ ነው።" ከዚያ ከሰውዬው ወረቀት ያቺን ስለ ስንፍና ያላትን ብቻ ነጥላ አወጣችና ተሟገተቻት። ለብቻዋ የቀረች ሴት ባህር ዛፍ የምትተክለው ሰንፋ ሳይሆን ሞፈር የሚይዝላት አጥታ ነው አለች። ጸሐፊው ንቀሉ ከማለቱ በፊት እነዚህ ሴቶች በምትኩ ምን እንደሚተክሉ ቢነግራቸው ኖሮ እኔም አምነው ነበር አለች። ስለ ጀሪካኑም አለበት። ለእኔ አላደላችም፣ ለእሱም አላደላችም።

"እኔን ግን አታስገቢኝ" አልኳት።

"ገብተዋል እምዬ።"

"ሰው ምን ይላል?"

"ስምዎን አልጻፍኩም።"

ሰኞ ማለዳ አብሬያት መናኸሪያ ወረድኩ። አይምጡ አለችኝ፤ አፈረች። እኔ ግን አስቤበት ነው ያደርኩ። ጽሑፉ ቢያምርም ሌባ የሚለው ስም አልተነሳላትም። እሷ አፏን አትከፍትም። እኔ ደግሞ የምፈራው መምህር ቀድሞ ሞቶብኛል። ትንሽ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጠርኩና ሚኒባስ ላይ ወጣን።

መንገዱን ሁሉ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ደብረ ወርቅን አለፍን፣ ጉንደ ወይን ደረስን፣ እሷ ታጉተመትማለች።

"ጸሎት ነው?" አልኳት።

"የጻፍኩት እንዳይጠፋኝ ነው።"

"ወረቀቱ እጅሽ ላይ አይደል እንዴ?"

ወረቀቱን አይታ ራሷም ሳቀች። ለካ የራሷንም በልቧ ይዛዋለች። ይሄ ልማድ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም።

መምህርቷ እኔ እንደጠበቅኳት አይደለችም። ልጅ እግር ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ የተማሪ ወረቀት እንደ ጭድ ተከምሯል። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። "እማማ፣ ይቀመጡ" አለች። ቆሎውን ሳቀርብላት እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። "የልጅዎ ጉዳይ እጄ ላይ እያለ አልቀበልም፤ አይቀየሙኝ" አለች። አልተቀየምኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በቆሎ የማትገዛ በቁጣም አትፈርድም ብዬ።

"መምህርት፣ እርስዎ…" ብዬ ስጀምር፣

"አንቺ ይበሉኝ እማማ" አለችኝ።

"እንግዲያ ስሚኝ ልጄ። ይቺ ልጅ አልሰረቀችም። ያነበበችው ሁሉ በልቧ ይቀራል። አያቷ እንዲያ አድርጎ ነው ያሳደጋት። የሰጠሻትን መመለስ ማክበር ነው የመሰላት። ዝም ያለችሽም ጥፋት ስላለባት አይደለም፤ የእኛ ልጆች ለመምህር አይመልሱም።"

መምህርቷ ልጄን አየቻት። ልጄ መሬት ታያለች። "እውነት ነው?" አለቻት። ራሷን ነቀነቀች። መምህርቷ ክፉ አይደለችም፣ ግን ደግሞ ሰው ያለውን ሁሉ የምታምን አይደለችም። ከመሳቢያዋ አንድ ወረቀት አወጣች፣ ስለ ንብ ነው፤ "ይህን አይተሽው አታውቂም፤ አንብቢው" ብላ ሰጠቻት። ልጄ ግድግዳው ጋ ዞራ ደጋግማ አነበበችው። እኔ ነጠላዬን ጨብጬ እጸልያለሁ። ብትስትስ? ፈርታለች፣ እንቅልፍም አላየችም።

ወረቀቱን መለሰችና በቃሏ ትለው ጀመር። መምህርቷ በጣቷ እየተከተለች ነው። ልጄ ነጠላ ሰረዙ ጋ ስትደርስ እንኳ ትንፋሽ ትወስዳለች። ግማሽ ላይ የመምህርቷ ጣት ቆመ።

"በቃ" አለቻት። ወንበር አጥታ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ከስልክ የሚገለብጥ ተማሪ ስለበዛብኝ አንቺንም እንደዚያ አየሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

እኔ በዚህ አበቃ ብዬ ልነሳ ነበር። እሷ ግን ቀጠለች። "ግን ስሚ። ይሄ ስጦታ እዚህ ክፍል ውጤት አያሰጥሽም። ያነበብሽው ወረቀት እኔም ጋ አለ። እኔ ጋ የሌለው ያንቺ ሐሳብ ነው። አጭር ምላሽ ማለት አንድ ሐሳብ ይዘሽ መነሳት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ትነግሪኛለሽ። ከጽሑፉ የትኛው ቦታ ያን እንዳሳሰበሽ ታሳዪኛለሽ። ለምን እንደሆነ ታስረጂኛለሽ። ከዚያ እጅሽን ታነሻለሽ። ጸሐፊውን ማመስገን አይጠበቅብሽም፤ እኔንም ማስደሰት አይጠበቅብሽም። ሦስተኛውን አምጥተሻል?"

ልጄ ወረቀቷን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

ደጅ ተማሪዎች ይስቃሉ፣ እዚህ ቀይ እስክሪብቶ አየር ላይ ቆሟል። መምህርቷ ስታነብ ዓይኗ ብቻ ነው የሚሄድ። አንድ ቦታ ፈገግ አለች፤ ጀሪካኑ ጋ ይሁን እኔ ጋ አላውቅም። ከዚያ እስክሪብቶውን አወረደችና ከታች በኩል ጭረት አደረገች። ልቤ ከዚያ ጭረት ጋር ወረደ።

"ይሄ የመጨረሻው አንቀጽ መጀመሪያ ያልሽውን መልሶ ይላል። አያስፈልግም፤ ሰምቼሻለሁ" አለቻት። ከላይ ደግሞ በዚያው በቀይ የሆነ ነገር ጻፈች።

"ምን አለች?" አልኩ፣ መጠበቅ አልቻልኩማ።

ልጄ አነበበችው። "'አሁን ያንቺን ድምፅ ሰማሁ። አልፈሻል' ይላል" አለችኝ። መልሳም አነበበችልኝ።

"ያኛውስ? ሌባ የሚለው?"

"እሱ የለም እማማ። ለማንም አላቀረብኩትም፤ አላቀርብምም" አለች መምህርቷ። ከዚያ ራሷ ጨርቁን ፈታችና "አሁን ቆሎውን እቀበላለሁ" ብላ ዘገነች።

እኔም ዘገንኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ እህል አልጣመኝም ነበር፤ ያቺ ቆሎ ግን ጣመችኝ። ሦስታችንም ቆመን እየቆረጠምን፣ ልጄ ለመጀመሪያ ጊዜ የመምህሯን ዓይን አይታ "ስለ ንቡ ያለውም አንድ ቦታ ላይ የተሳሳተ ይመስለኛል" አለቻት። መምህርቷ ሳቀች። "እሱን ለሚቀጥለው አቆዪው" አለቻት።

ብቻዬን ወደ ቢቸና ተመለስኩ። ብርድ ልብሷን ግን ጠዋት ይዘነው ሄደን ነበር፤ ሳይታጠብ። እኔ ነኝ የያዝኩት፤ እሷ ይተዉት ስትል እኔ እይዘዋለሁ ብዬ። ለመምህርቷ ቆሎ ስቋጥር የተማመንኩት ትንሽ ነው፤ ብርድ ልብሱን ስሸከም ግን እዚያው ሞጣ ትቀራለች ብዬ ነው የተሸከምኩት። ሚኒባሱ ውስጥ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ደብረ ወርቅን ማለፋችንን አላየሁም። ሰውነቴ ሁሉ የተፈታ ነዶ ሆኖ ነበር።

ቤቴ ስገባ ጎታዬ አፉ ሙሉ በሙሉ ተመርጓል። ዙሪያው ለስልሶ፣ አመዱ ተነስንሶበት። ማን እንደሠራው ለመጠየቅ አላስፈለገኝም፤ ጎረቤቴ ገና ክንዷ ላይ የደረቀ እበት ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ቆማለች።

"ምን ሆነች ልጅቷ?" አለችኝ።

"ኧረ ተይኝ፣ ምኑን ልንገርሽ። ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ መኪናው አልሞላም ነበር። ከዚያ ስንሄድ ስንሄድ ጉንደ ወይን ላይ ደግሞ ሹፌሩ ወረደና ሰው ሲያናግር…"

"እሺ።"

"ልጅቷ ታጉተመትማለች። ጸሎት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ ለካ የጻፈችውን ነው። ሞጣ ስንደርስ መምህርቷ ሽማግሌ ነው የመሰለችኝ፣ ስናያት ልጅ እግር። ቆሎውን ባቀርብላት እንቢ…"

"አንቺ ሴትዮ" አለችኝ፣ "አለፈች ወይስ ወደቀች?"

"አለፈች።"

ረጅም ትንፋሽ ወሰደችና አጥሩን ተደገፈች። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ያሳደግኋት እኔ ብሆንም ስትወለድ የተቀበለቻት እሷ ናት። ከዚያ ከቤቷ የሚያርር ነገር ሲሸታት እየሮጠች ዞራ እንዲህ አለችኝ፦

"'አለፈች' የምትለዋን መጀመሪያ ብትነግሪኝ ኖሮ ሽሮዬ አያርርም ነበር። ያቺ መምህርት አንቺንም ትመዝግብሽ።"